ለሬሂኖ ዛፍ ላይ የቆየው ፖም

ፎንቴዮ፣ አስቱሪያስ
ጁን 12 ቀን 1958

ለልጄ ለኤቤልዮ ቱዌሮ፣
ሲፖሌቲ፣ አርጀንቲና

የሰማይ አባት አንተን፣ ባለቤትህን ኔሊዳንና ከሁሉም በላይ የታመመውን አባትህን በምሕረቱ ይጎብኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያረጀው በጊዜው ስለሆነ አልከሰውም።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ አርማለሁ። እናንተ ዘንድ ባለው ያገራችን ሰዎች ማኅበር ውስጥ «ኤቴልቢና ለሚሞት ዘመዷ ኮምጣጤ ላከችለት፤ የድሮ ቂም አለባት» እየተባለ መሆኑን እዚያው ያለችው የሴልሞ እህት ለሴልሞ ጽፋለታለች። ሴልሞ የፖም መጭመቂያዬን የሚያንቀሳቅስልኝ ሰው ነው። ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔው ነኝ። ስለ ራሴ የተወራውን ክፉ ወሬ ጮክ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል፣ አነበብኩ ማለት ነው። ስጨርስ ሴልሞ ቆቡን አውልቆ «እትዬ፣ እህቴ ከልጅነቷም አፏ አያርፍም» አለኝ። እኔም የእህቱን የፊደል ስህተቶች ነግሬው ወደ ሥራው መለስኩት።

ኮምጣጤ አልላክሁም። የላክሁት ባለፈው ኖቬምበር የተጨመቀ፣ በማርች ጨረቃ ስትጎድል ጠርሙስ የገባ የቤታችን የፖም ጠጅ፣ ሲድራው ነው። ከዚያው በርሜል እኔም እጠጣለሁ፣ ቄሳችንም ይጠጣሉ፤ እሳቸው እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ቂምም የለብኝም። አባትህ እናቱ ሞታ በኛ ቤት ያደገ የአጎቴ ልጅ ነው። አጎቱ በመርከብ ወደ እናንተ አገር ሲወስደው እሱ አስራ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። በዘጠኝ ዓመት የተያዘ ቂም እስከ ሽምግልና አይዘልቅም፤ የሚዘልቅ ከሆነም ስሙ ቂም አይደለም። ባል ያላገባሁትም እሱን ስጠብቅ አይደለም። የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የገዛ ስማቸውን አስተካክለው መጻፍ አይችሉም ነበር። የገዳሙ መነኮሳት ፊደል ያስተማሩኝ ለዚያ አልነበረም።

አሁን ጥያቄዬን መልስልኝ። በፌብሩዋሪ የጻፍክልኝ ከፊቴ ነው፦ «ለአባቴ እህል አልወርድለት ብሏል። ሐኪሙ ዓመቱን አይጨርስም ይላል። እሱ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤታችሁ መጭመቂያ የጠጣሁትን አንዴ ቀምሼ ልሙት ይላል።» እኔም በዚህ ቃል መሠረት ላክሁ። ጠርሙሱን ማን ከፈተው? ከከፍታ ነው የተቀዳው ወይስ እንደ ሾርባ ተገለበጠ? ከተቀዳ በኋላ አረፋው እስኪሞት ቆየ? አባትህስ በአፉ ምን አለ? ሰዎች ስላሉት አትጻፍልኝ። የእሱን ቃል ጻፍ።

እመቤታችን ትጠብቃችሁ።
አክስትህ ኤቴልቢና ኮስታሌስ

*

ሲፖሌቲ፣ ሪዮ ኔግሮ
ጁን 29 ቀን 1958

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ጉልበትዎንም ይማርልኝ። እኛ ዘንድ ክረምት ነው። የፖም ዛፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል፣ ከወንዙ የሚነሳው ነፋስም እንደ ልማዱ አይራራም።

ወሬውን ያወራው የማኅበራችን ሰው ቤኒግኖ ነው። ሲድራውን የቀዳውም እሱ ነው፣ ስለዚህ ከኔ ይልቅ የሚታመነው እሱ ሆነ። እባክዎ ይቅር ይበሉን።

አባቴን በወንበር ተሸክመን ግቢ አወጣነው። ያገር ልጆች ሁሉ መጡ። ቤኒግኖ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ፣ ብርጭቆውን ከጭኑ በታች ይዞ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያይ ቀዳ። ቀጥ ብሎ ወርዶ አረፋ አወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንባው መጣ።

ቤኒግኖ ብርጭቆውን ለአባቴ ሰጥቶ «ቶሎ በል ሬሂኖ፣ እያየኸው ይሞታል!» አለው።

«እኔም እየሞትኩ ነው» አለ አባቴ፤ «ማናችን እንደምንቀድም እናያለን።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ጠጣ፣ ወዲያው መሬት ላይ ተፋው።

«ይሄ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?» አለ ቤኒግኖ፤ «ይሄማ ለሬሳም ነፍስ ይዘራል!»

«እኔ የጠጣሁት ይጣፍጥ ነበር። ጥርስ ይነካል፣ ግን ይጣፍጥ ነበር። ይሄ ኮምጣጤ ነው። ኤቴልቢና ረስታዋለች።»

የእሱ ቃል ይኸው ነው አክስቴ፤ እንዳዘዙኝ ምንም አልጨመርኩም። በተለይ የመጨረሻውን ባልጽፈው ወድጄ ነበር።

በማግስቱ የኛን ወንዝ ዳር ፋብሪካ የፖም ጭማቂ ሰጠሁት። እንደ መስተዋት የጠራ፣ በጣም የጣፈጠ ነው። የወደቀ ፖሜን የምሸጠው ለነሱ ስለሆነ ከሱቅ የማይገኘውን ጥሩውን ሰጡኝ። አንዴ ጎንጨት አለና «ይሄ ደግሞ ሞቷል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲድራው ጣፋጭ አይደለም ብሎ ተፋው፤ ጣፋጩን ስሰጠው ሞቷል አለ። እኔ ፖም አበቅላለሁ እንጂ አልጠጣውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? አባቴስ የሚፈልገው የቱን ነው? የሌላ ዓመት ሲድራ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ካለዎት ይላኩልኝ።

እህል አሁንም አይወርድለትም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

የሚወድዎ ኤቤልዮ

*

ፎንቴዮ
ጁላይ 14 ቀን 1958

ልጄ ኤቤልዮ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተቆጣሁ። በሁለተኛው ተቀመጥኩ። አባትህ አልተሳሳተም። የተሳሳትነው አንተ፣ እኔና በማኅበራችሁ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ ነን።

በኛ ቤት ወንድ ልጅ ከጎልማሶቹ ጋር የመጭመቂያውን ዘንግ መግፋት እስኪችል ድረስ የሲድራ ብርጭቆ አይሰጠውም። ሰው ሲጋበዝ ብርጭቆው አንድ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ልጅ ጋ ሲደርስ ግን ዘሎት ያልፋል። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። ሬሂኖ ወደ መርከቡ ሲሄድ ቁመቱ ከዘንጉ አይደርስም ነበር። ልጄ፣ አባትህ በዚህ ቤት ሲድራ ቀምሶ አያውቅም።

የጠጣው ይህን ነው። በኖቬምበር ፖሙ ተወቅጦ መጭመቂያው ላይ ሲቆለል፣ ገና ዘንጉ ሳይዞር በራሱ ክብደት መንጠባጠብ ይጀምራል። ከሥሩ ወዳለው የድንጋይ ገንዳ ይወርዳል። ልጆች የስንዴ አገዳ ቆርጠን፣ በሆዳችን ተኝተን፣ ከገንዳው እንመጥ ነበር። እናቴ በመጥረጊያ እስክታባርረን ድረስ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። አገዳዬ ሲሰነጠቅ የራሱን ሰበር አድርጎ ግማሹን ይሰጠኝ ነበር። ውጭ ሴቶቹ የካስታኛ ፍሬ በእሳት ይጠብሳሉ። እሱ የሚለምነው ይህን ነው።

ስለ ልዩነቱ ጠይቀሃልና በሥርዓቱ እመልሳለሁ። ከመጭመቂያው ሲወርድ ጭማቂ ነው። ድፍርስ ነው፣ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ጣፋጭ ነው፤ ከጣፋጩ ሥር ጥርስ የሚነካ ኮምጣጣ አለ፣ ከኮምጣጣው ሥር ደግሞ ትንሽ ምሬት። በማግስቱም እንደዚያው ነው። ሦስት አራት ቀን ሲሆነው ምላስ መውጋት ይጀምራል። ከዚያ በርሜል ውስጥ እያጉረመረመ ይብላላል፣ ክረምቱን ሁሉ ስኳሩን ሲበላ ይከርማል። ጸደይ ላይ ከጣፋጩ የቀረ የለም። ይህ ነው ሲድራ። እኔ የላክሁልህ ይህንን ነው፣ እንከን አልነበረበትም። ፋብሪካህ የሚያወጣው ሌላ ነው። ጭማቂውን ያጣሩታል፣ በእሳት ያፈሉታል፣ የሚያብላላውን ነገር ገድለው ያሽጉታል። ዓመት ቢቀመጥ አይለወጥም። አባትህ «ሞቷል» ያለው ቃል ልክ ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

እንግዲህ ችግሩ ይገባሃል። ጥሬውን ጭማቂ በጠርሙስ ብልክልህ መርከቡ ገና ባሕሩን ሳያጋምስ ቡሹን ፈንቅሎ ይወጣል። ባፈላው እናንተ ፋብሪካ ካለው የተለየ አይሆንም። ጠብቄ ባቆየው ሲድራ ይሆናል። ጣፈጥ ያለ የሌላ ዓመት ሲድራ ያልከውም የለም። ሥራውን ጨርሶ የጣፈጠ ሲድራ ካየህ አንድ ሰው ስኳር ጨምሮበታል።

ይህን አድርግ። መከሩን ካስቀመጣችሁበት ማቀዝቀዣ ቤት ፖም አምጣ፣ በእንጨት ውቀጠው፣ በጨርቅ ጭመቀው፣ በዚያው ሰዓት ስጠው። ኮምጣጣ ፖም ካለህ አብዛው። ብርጭቆ አትስጠው። አገዳ ስጠው።

ሬሂኖን ኤቴልቢና አልረሳችም በለው።

አክስትህ

*

ሲፖሌቲ
ኦገስት 20 ቀን 1958

ለተከበሩ አክስቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎ እንዴት ሰንብተዋል? የዘገየሁት በሥራ ምክንያት ነው።

ደብዳቤዎን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩለት። ስለ አገዳው የጻፉት ጋ ስደርስ «ተው፣ እንደገና አንብበው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ያንን ቦታ አነብለታለሁ። እናትዎ በመጥረጊያ የመታችው እሱን ብቻ እንደነበር ንገራት ብሏል። «ኤቴልቢና ሁልጊዜ ቀድማ ትሮጥ ነበር፤ እናቷ የምትይዘው እኔን ነበር» ይላል።

ያዘዙኝን አደረግሁ። እኛ የምናበቅለው ወደ ውጭ የሚላከውን ቀዩን ፖም ነው፤ ኮምጣጣ የሚባል ነገር በሸለቆው ውስጥ የለም፣ ማንም አይገዛውም። ቢሆንም ወቀጥኩት። ኔሊዳ የማዕድ ጨርቄን አበላሸህብኝ ብላ ከጮኸችብኝ በኋላ አንዱን ጫፍ ይዛ አብራኝ ጠመዘዘች። በሳህን አድርገን አገዳ ሰጠነው። በጎኑ አስተኛነው፣ በሆዱ መተኛት አይችልምና። ሁለት ጊዜ መጠጠ። አልተፋውም አክስቴ። አገዳውን ከአፉ አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ።

«መንገዱ ይሄ ነው» አለ። «ቤቱ ግን አይደለም። ይሄ ስኳር ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። «መቼ ነው የሚጨምቁት? ኖቬምበር አይደል? መርከብ ፈልግ» ይለኛል። በኦክቶበር መጀመሪያ አንድ መርከብ አለ ይባላል። ቤታችሁ በኖቬምበር በጣም ይበርዳል? መኝታው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ምድር? ከበሩ እስከ መጭመቂያው በወንበር ይገፋል? ዘንድሮ የምትጨምቁበትን ቀን ይጻፉልኝ፣ ላነብለት።

ዛፍ የሚሆን ቅርንጫፍ ይላኩልኝ ልል አስቤ ነበር። ከኔ ዛፍ ግንድ ላይ ሰክቼ ላበቅለው እችላለሁ። ግን ፍሬ እስኪይዝ ያለውን ዓመት አሰብኩና ተውኩት።

የሚወድዎ ኤቤልዮ

*

ፎንቴዮ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958

ልጄ ኤቤልዮ፣

ዛሬ የእመቤታችን ልደት ነው። ስለ አባትህ ሻማ አብርቻለሁ። ባሕሩን በደህና ታሻግራችሁ።

ጥያቄዎችህን ልመልስ። ቤቱ ይበርዳል፣ እሳት ግን አለ። መኝታውን ምድር ቤት አድርጌዋለሁ። እስከ መጭመቂያው ያለው ወለል ድንጋይ ስለሆነ ወንበሩ ይንገጫገጫል፤ ሴልሞ ሳንቃ አንጥፎበታል። ስለ መጥረጊያውም አባትህ የተናገረው እውነት ነው፣ እሮጥ ነበር።

አሁን ልደብቅህ የማልወደውን ነገር እጽፋለሁ። የኛ ዛፎች አንድ ዓመት ሰጥተው አንድ ዓመት ያርፋሉ። ባለፈው ዓመት ቅርንጫፉ እስኪሰበር ሰጡ። ዘንድሮ የሚያርፉበት ነው። የኔ ብቻ ሳይሆን የወረዳው ሁሉ። በእረፍት ዓመት መጭመቂያ የሚከፍት ቤት የለም፤ ሸረሪት ያደራበታል። ይህን ለሴልሞ ስነግረው «እትዬ፣ ታዲያ ምን ሊጨምቁ ነው? ቅጠል?» አለኝ።

በእኔ ግቢ ፍሬ የያዘው በቅጥሩ ጥግ ያለው አንዱ ዛፍ ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ ወገኑ። ስለዚህ ምርኩዜን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከማንም አንዳች ለምኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅበትም ነበር።

ጎረቤቴ ሄኔሮሳ ከጓሯ ዛፍ ላይ ለገና የምታስቀምጠው ትንሽ ፖም ነበራት። ጆሮዋ ተደፍኗል።

«ለሬሂኖ ነው» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሬሂኖ! ለቱዌሮ ልጅ!»

«ሞቷል አላሉም እንዴ?»

«አልሞተም! እየመጣ ነው!»

«ለሞተ ሰው ፖም አልሰጥም ኤቴልቢና፣ አትልፊ!»

«ሕያው ነው እልሻለሁ!»

«ታዲያ ለምን ትጮሂብኛለሽ? ውሰጂው።»

ኦባያ ደግሞ፣ የአባትህ እኩያ የነበረው ሰው ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ እየሳቀ «ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ ሲመጣ በእረፍት ዓመት? እትዬ፣ ይሄስ የኛው ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ነው!» አለኝ። ሲያበቃ ግን ከልጆቹ እጅ ለመጠበቅ ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ሌሎቹም አይተው አሰሩ። አንዱ ቤት ግማሽ ቅርጫት፣ ሌላው ቤት አንድ መሐረብ ሙሉ፣ እየተባለ ትንሿን መጭመቂያ የሚሞላ አገኘሁ። ኮምጣጣውም መራራውም አለበት።

አሁን እንዳይለቀም ግን ከልክያለሁ። ፖም ተለቅሞ ሲቆይ ይጣፍጣል እንጂ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አባትህ ደግሞ ስኳር ብቻ ነው ይለኛል። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ቴሌግራም ትልክልኛለህ፣ በዚያው ቀን ይለቀማል፣ እሱ እዚህ ሲደርስ ይወቀጣል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ፖሙን ዛፍ ላይ አቆይቶ እየጠበቀ ነው። አንዳንዱ በነፋስ ይወድቃል። ሲወድቅ ባለቤቶቹ መጥተው ይነግሩኛል፣ ልክ ሰው እንደሞተባቸው።

የመርከቡን ስምና የሚነሳበትን ቀን ጻፍልኝ። በዚህ ደብዳቤ ከጠየቅሁህ ሁሉ ሌላውን ብትረሳ ይህን አትርሳ።

አክስትህ ኤቴልቢና

*

ፎንቴዮ
ኦክቶበር 6 ቀን 1958

ኤቤልዮ፣

ጤና ይስጥልኝ። የመርከቡ ስም አልደረሰኝም። በወደቡ ቢሮ የሚሠራ የቄሳችን የአባ አማዶር የወንድም ልጅ አለ፤ በዚህ ወር ከእናንተ ወገን የሚመጡትን ሁለት መርከቦች ስም ጽፎ ላከልኝ። ከሁለቱ የትኛው ነው?

ትናንት ማታ ነፋስ ነበር። የቅጥሩ ዛፍ ፍሬውን እንደያዘ ነው።

ኤ. ኮስታሌስ

*

ሲፖሌቲ
ኦክቶበር 19 ቀን 1958

አክስቴ፣

እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

አባቴ በሴፕቴምበር አስራ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዐረፈ። ስለ ፖሙ የጻፉት ደብዳቤ የደረሰኝ ከቀበርነው በኋላ ነው። ሳነብ ሄኔሮሳ ጋ ስደርስ ሳቅሁ፤ ከዚያ የኔሊዳን ፊት አየሁ።

መርከብ አልያዝኩም ነበር። ሐኪሙ ገና በጁላይ ከዚህ አልጋ እንደማይነሳ ነግሮኛል። ለእርስዎ አልጻፍኩትም፣ ምክንያቱም የሚጽፉትን ሁሉ በየምሽቱ አነብለት ነበር፤ እርስዎ ካወቁ ደግሞ ደብዳቤዎ ይለወጣል። እርስዎ መዋሸት አይችሉም፣ እሱም ያውቅብዎ ነበር። ስለዚህ ስለ ብርዱና ስለ መኝታው ጠየቅሁዎ። መልስዎ ሲመጣ አነብለታለሁ ብዬ ነበር።

የመጨረሻውን ቀን ልጻፍልዎ፣ ቃሉን ስለሚፈልጉ። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይወርድለትም ነበር። አገዳውን ጠየቀ። ጭማቂ አልነበረኝም፣ የማቀዝቀዣ ቤቱ ፖም አልቆ ነበር። ኔሊዳ ውኃ በሳህን አቀረበችለት። አገዳውን አስገብቶ መጠጠ። ከዚያ ዓይኑን ከፈተና በጣም ተቆጣ። እኛን አልነበረም የሚያየው።

«ቤቱ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አለ። «ለምን አልጨመቁም?»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ይቅር ይበሉኝ። ለመንደሩ ሰዎችም ምን እንደሚሉልኝ አላውቅም።

ኤቤልዮ

*

ፎንቴዮ
ኖቬምበር 2 ቀን 1958፣ የሙታን መታሰቢያ

ልጄ ኤቤልዮ፣

እግዚአብሔር የአባትህን ነፍስ በብርሃን ያሳርፍ፤ ላንተም ለኔሊዳም ጽናት ይስጣችሁ። አባ አማዶር ዛሬ ስሙን በቅዳሴው፣ ሰው ሳይሰማ፣ በልባቸው ጠሩልኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ከእሳቸው በቀር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ስለ መርከቡ አልወቅስህም። ብትነግረኝ ኖሮ ያልከው እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ደብዳቤዬ ይለወጥ ነበር። ማጽናኛ ግን አትጠብቅብኝ። ብፈልግም የለኝም። ሰው ሲሞት ምኞቱ ይፈጸማል፣ በሰማይ ያገኘዋል የሚሉ አሉ። መነኮሳቱ ስለ ሰማይ ብዙ አስተምረውኛል፤ ገንዳና አገዳ እንዳለበት ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

አንድ ነገር ብቻ። አባትህ የጠየቀውን ጥያቄ ጽፈህልኛል፣ የመለስክለትን አልጻፍክም። ዝም ብለኸው ከሆነ መልሱ ይኸው፣ መቃብሩ ላይ ስትሄድ ንገረው። በቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ። እኔ ነበርኩ። ያልጨመቅነው ገና ጊዜው ስላልደረሰ ነው። ሴፕቴምበር ነበር። በሴፕቴምበር ማንም አይጨምቅም፣ ይህን እሱም ያውቃል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሴልሞ መጭመቂያውን ሊያጥብ መጣ። ሳንቃውን ደግሞ አስተካክሎ አነጠፈው። ሥራውን ሲጨርስ «እትዬ፣ መርከቡ ዘገየ አይደል?» አለኝ። «ዘግይቷል» አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ሊሄድ ሲል በበሩ ላይ ዞሮ «ባይመጣም እንኳ እንጨምቀዋለን፤ ልጆቹ ይጠጡታል» አለ። የገመተ ይመስለኛል። «ልጆቹ የታሉ ሴልሞ?» አልኩት። ቆቡን አጥልቆ ሄደ። በዚህ መንደር በሆድ ተኝቶ ከገንዳ የሚጠጣበት ዕድሜ ላይ ያሉት የኦባያ ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም በጃንዋሪ ወደ ቤልጅግ፣ ወደ ማዕድን ማውጫው፣ ከአባታቸው ጋር ይሄዳሉ።

የሚቀጥለው ዓመት ዛፎቹ የሚሰጡበት ነው። ቅርንጫፉ እስኪሰበር ይሰጣሉ። ይህን ስጽፍልህ ደስ የሚያሰኝ ነገር አስመስዬ ልጽፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ነገ የማደርገውን እዚህ ላስፍረው፤ በጽሑፍ ካላስቀመጥኩት አላደርገውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በፊት እነሳለሁ። መጀመሪያ የቅጥሩን ዛፍ እኔው ራሴ እለቅማለሁ፤ የኔ ተንጠልጥሎ እያለ ሌላውን ልቀሙ ልል አልችልም። እጄ የማይደርስበትን የላይኛውን እተወዋለሁ። ከዚያ ሻሌን ለብሼ ወደ ሄኔሮሳ እሄዳለሁ፣ ከሄኔሮሳ ወደ ኦባያ፣ ከኦባያ ወደ ቀሩት ቤቶች፣ ጨርቅ ያሰሩትን አንድም ሳልዘል። ለሁሉም የምለው ያው አንድ ቃል ነው፦ «ፖማችሁን ልቀሙ፤ የሚመጣ ሰው የለም።» እስካሁን ድምፄን አውጥቼ አላልኩትም። በመንገድ ላይ እየተለማመድኩ እሄዳለሁ።

ኤቴልቢና ኮስታሌስ